ምዕራፍ ሰባት፦ ኮምፒውተሩ ያላየው ዲስክ

ጎረቤታችን ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ኤክስተርናሉን ያመጡልኝ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነበር። ሲፈቱት ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ጠርዙ የተጫረ ጥቁር ሃርድ ዲስክ ብቅ አለ። ውስጡ የልጃቸው የሰርግ ቪዲዮ አለ፤ በቪዲዮው ውስጥ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ያረፉት ባለቤታቸው ሙሽሮቹን ሲመርቁ የሚታዩበት ቦታ አለ። የእሳቸው ድምፅ ያለበት ሌላ ነገር ቤቱ ውስጥ የለም።

የእህታቸው ልጅ ዲስኩን ላፕቶፑ ላይ ቢሰካው ምንም አልታይ አለ። በሌላኛው ቀዳዳ ቢሞክረው ደግሞ «ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ፎርማት ይደረግ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ልጁ ማውሱን መጫኛው ላይ አድርሶ «እሺ ልበለው?» ሲል፣ «ቆይ እስቲ! ፎርማት ማለት ምንድን ነው?» ብለው ያስቆሙት እማማ ናቸው። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ያን ቀን ግን ዲስኩን ያተረፈው ከዚያ በኋላ እኔ የሠራሁት ሁሉ ተደምሮ ሳይሆን ያች «ቆይ እስቲ» ነበረች።

እስከ ዛሬ በእጄ ያለፉ ብዙ ዲስኮች ነበሩ። ከእነሱ መካከል መረጃቸው ለዘለቄታው የጠፋው አብዛኞቹ በራሳቸው ብልሽት አልጠፉም፤ ባለቤቱ ወይም ጠጋኙ በችኮላ የነካው ነገር ነው የጨረሳቸው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይወሰን፦ የምትፈልጉት ዕቃውን ነው ወይስ በውስጡ ያለውን? ዕቃውን ከሆነ ፎርማት አድርጉት፣ ካልሠራ ጣሉት፤ ይህን ምዕራፍ ማንበብም አያስፈልጋችሁም። ውስጡ ያለውን ከሆነ ግን ከዚህ በታች ያለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

እንግዳ ከበር ቆሞ «ቤቶች!» ሲል ከውስጥ «ማን ልበል?» ይባላል። ማንነቱን ሲናገር በሩ ይከፈትለታል፣ ይገባል፣ መቀመጫ ይሰጠዋል፤ ወሬው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ዲስክና ኮምፒውተርም የሚገናኙት በዚህ ሥርዓት ነው። የተለመደውን የዩኤስቢ መሰኪያ አፍ ብትመለከቱ በውስጡ ካሉት አራት የብረት ምላሶች ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ረዘም ይላሉ። ኤሌክትሪክ የሚያመጡት እነሱ ናቸው፤ መረጃ ከሚያመላልሱት ከመካከለኞቹ ቀድመው እንዲነኩ ሆን ተብለው ነው የረዘሙት። ኃይል ያገኘው ዲስክ ከመረጃ ሽቦዎቹ በአንዱ ላይ ቮልቴጁን ከፍ በማድረግ መምጣቱን ያሳውቃል። ኮምፒውተሩ ማንነቱን ሲጠይቀው የአምራቹን መለያ፣ የዕቃውን መለያና የሚፈልገውን የኃይል መጠን ይናገራል። ከ1 እስከ 127 ካሉት አድራሻዎች አንዱ ይሰጠዋል፤ የሚያነጋግረው ድራይቨር ይመደብለታል። ሞተሩ ፍጥነቱን ሲይዝ ኮምፒውተሩ የዲስኩን መጠን ይጠይቃል፣ ከመጀመሪያዎቹ ሴክተሮች ላይ የክፍፍሉን ሰንጠረዥ ያነባል፣ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ያለውን ፋይል ሲስተም ይለያል። በመጨረሻ ዊንዶውስ ከሆነ ፊደል ይሰጠዋል። ፊደሉ ከሲ የሚጀምረው ኤ እና ቢ በፍሎፒ ዘመን ተይዘው ስለቀሩ ነው።

«ኮምፒውተሩ አላየውም» የሚባለው ዲስክ ከእነዚህ እርከኖች በአንዱ ላይ የቆመ ዲስክ ነው። በር ላይ የቆመና ገብቶ መቀመጫ ያጣ እንግዳ አንድ ዓይነት ችግር የለባቸውም። ኃይል ያልደረሰው ዲስክ ላይ ቀኑን ሙሉ የሪከቨሪ ሶፍትዌር ሲያስኬድ የዋለ ሰው አውቃለሁ፤ ፊደል ብቻ የጎደለውን ዲስክ በመፍቻ ከፍቶ ያበላሸም አውቃለሁ።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጆሮ ነው። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ዲስኩን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኙት፣ ሰክታችሁ አዳምጡ። ጤነኛ ሃርድ ዲስክ እየጨመረ የሚሄድና ከዚያ የሚረጋ ልስልስ ያለ ድምፅ አለው። ትንንሾቹ ኤክስተርናሎች ውስጥ ያሉት መረጃ የሚጻፍባቸው ሳህኖች ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራሉ። የእማማ ዲስክ መዞር ይጀምርና ወዲያው ይወድቃል፤ እንደገና ይጀምራል፣ እንደገና ይወድቃል። እንዲህ ዓይነቱ ድምፅ ብዙ ጊዜ የኃይል ማነስ ነው፤ እኔም ልቤ ትንሽ ያረፈው እሱን ስሰማ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 ከአንድ ቀዳዳ እንዲሰጥ የተፈቀደለት በ5 ቮልት 500 ሚሊአምፔር ነው። በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3.0 ይህን ወደ 900 ከፍ አደረገው። ትንሹ ሃርድ ዲስክ ከዞረ በኋላ ይህ ይበቃዋል፤ ከቆመበት ሲነሳ ግን፣ የተጫነ ጋሪ ለማስነሳት የመጀመሪያው ግፊት ከሁሉ እንደሚከብድ፣ ለጥቂት ሰከንድ ወደ 1,000 ሚሊአምፔር ሊፈልግ ይችላል። ኮምፒውተሮች አብዛኛውን ጊዜ ከደንቡ ትንሽ አትርፈው ስለሚሰጡ ይሠራል። ኬብሉ ቀጭንና ረጅም ሲሆን፣ የራሱ አዳፕተር በሌለው ሃብ በኩል ሲሰካ፣ ወይም ቀዳዳው ሲያረጅ ግን ያች ትርፍ መንገድ ላይ ትቀራለች። ዴስክቶፕ ካላችሁ ከፊት ያሉትን ቀዳዳዎች ተዉና ከኋላ ሰኩ፤ የኋላዎቹ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የተበየዱ ሲሆኑ የፊቶቹ ግን በሳጥኑ ውስጥ በሚያልፍ ሽቦ የተቀጠሉ ናቸው።

ኬብሉን መቀየር ሰው የሚንቀው ነገር ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የምጀምረው ከእሱ ነው። ስልክ ለመሙላት ብቻ የተሠራ ኬብል የኃይሉን ሽቦዎች ይይዝና አረንጓዴና ነጩን የመረጃ ሽቦዎች ጭራሽ አይኖሩትም። የዲስኩ መብራት ይበራል፣ ሳህኑ ይዞራል፣ ኮምፒውተሩ ግን «ማን ልበል?» ብሎ የሚጠይቅበት መስመር የለውም። የብዙ ኤክስተርናሎች ሰፊና ሁለት ክፍል ያለው ጠፍጣፋ መሰኪያም በቀላሉ ይላላል። ሰው ዲስኩን በኬብሉ አንጠልጥሎ ሲሄድ ባየሁ ቁጥር የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

እማማ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። አጭር ኬብል ፈልጌ ከኋላ በኩል ሰካሁት። ድምፁ ከፍ አለ፣ ረጋ፣ አልወደቀም። «ተነፈሰ?» አሉኝ። ተንፍሷል።

ሌሎች ድምፆች አሉ፤ እነሱ ሲሰሙ ግን ሥራው መቆም አለበት። አንዱ ተመሳሳይ ልዩነት እየጠበቀ የሚመላለስ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ምት ነው። ይህን ለመረዳት ውስጡን ማሰብ ያስፈልጋል። የሚያነበው ጭንቅላት ሳህኑን አይነካም፤ ሳህኑ ሲዞር በሚፈጥረው የአየር ንጣፍ ላይ ከሳህኑ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50,000 ናኖሜትር በላይ ነው። በዚያ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ብናኝ ማለት መንገድ የዘጋ ቋጥኝ ነው። ዲስኩ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ከተጎዳ አቅጣጫ የሚያሳዩትን ምልክቶች ማንበብ ያቅተዋል፤ ወደ ጥግ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል፤ ምቱ ይህ ነው። በእያንዳንዱ ሙከራ ሳህኑን ሊቧጥጠው ይችላል፤ የተቧጠጠውን ቦታ ደግሞ የትኛውም ባለሙያ አይመልሰውም። ሌላው ጡሩምባ የሚመስል ቀጭን ጩኸት ነው፤ ኃይል አንሶት ካልሆነ ጭንቅላቱ ሳህኑ ላይ ተጣብቆ ሞተሩ መዞር ተስኖት ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ጊዜ ንቀሉት። ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት የሚል ምክር ከሰማችሁ አትስሙ፤ ከቅዝቃዜ ሲወጣ ሳህኑ ላይ የሚቋጥረው ጤዛ ነው የሚተርፋችሁ። ክዳኑንም አትክፈቱ። ይህን የሚሠሩ ቤቶች አየሩ የተጣራ ክፍል ያላቸው በምክንያት ነው።

አየሩን ካነሳሁ አይቀር ለእኛ አገር ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ጭንቅላቱን የሚሸከመው አየር ስለሆነ አየሩ በሳሳ ቁጥር ዝቅ ብሎ ይበራል። በዚህ ምክንያት የብዙ ሃርድ ዲስኮች መግለጫ በሥራ ላይ ሊያልፉት የማይገባውን ከፍታ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ይወስናል። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባ ከወሰኑ በታች ስለሆነች አያሳስብም። ሰሜን ተራሮች ወይም ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው የሳነቲ አምባ ላይ ወጥቶ የቀረጸውን ማታ በድንኳኑ ውስጥ ወደ ሃርድ ዲስክ የሚገለብጥ የፊልም ባለሙያ ግን ተንቀሳቃሽ አካል የሌለውን ኤስኤስዲ ቢይዝ ይሻለዋል። ጠፍቶ በቦርሳ ተይዞ መውጣቱ ግን ሃርድ ዲስኩን አይጎዳውም።

ፍጹም ዝም ያለ ዲስክ፣ መብራትም ድምፅም የሌለው፣ ብዙ ጊዜ ከምቱ ይልቅ ተስፋ አለው። ትልልቆቹ ባለ 12 ቮልት ኤክስተርናሎች ላይ የሚደርሰውን ላንሳ። የላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ጫፉ አንዳንዴ የዲስኩ ቀዳዳ ውስጥ ልክ ይገባል። ሰክተውት ጢስ የሸተታቸው ሰዎች መጥተውብኛል። የዲስኩ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የተተከለ መከላከያ ዳዮድ በዚህ ጊዜ ራሱን ሠውቶ ሌላውን ሊያተርፍ ይችላል፤ የሚያውቅ ጠጋኝ እሱን ነቅሎ ዲስኩን ያስነሳዋል። «ተመሳሳይ ዲስክ ገዝተን ሰሌዳውን እንቀይረው» የሚለው ግን በዛሬዎቹ ዲስኮች ላይ ብቻውን አይሠራም። ሰሌዳው ላይ ያለች ትንሽ ቺፕ ለዚያው ለአንዱ ዲስክ ብቻ በፋብሪካ የተለኩ ቁጥሮችን ይዛለች፤ ከአሮጌው ተነቅላ ወደ አዲሱ መዛወር አለባት።

አንዳንዴም ዲስኩ ደህና ሆኖ የሞተው ቤቱ ነው፦ ዩኤስቢን ሳታ ወደሚባለው የዲስኩ የራሱ መሰኪያ የሚቀይረው ትንሹ ሰሌዳ። ያኔ ዲስኩን ከሳጥኑ አውጥቶ በሌላ ማገናኛ መሰካት ይበቃል። ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው፤ አንዳንድ ኤክስተርናሎች የዩኤስቢ ቀዳዳቸው የዲስኩ ሰሌዳ ላይ የተበየደ ስለሆነ ውስጣቸው የሳታ መሰኪያ የለም። ሌሎቹ ደግሞ ባለቤቱ የይለፍ ቃል ባያደርግ እንኳ መረጃውን በዚያች ትንሽ ሰሌዳ አመስጥረው ይጽፋሉ። ሰሌዳዋን የጣለ ሰው ቁልፉን አብሮ ጥሏል። ስለዚህ የሞተውንም ሳጥን አትጣሉ።

ወደ እማማ ዲስክ ልመለስ። ዞሯል፣ ማንነቱንም ተናግሯል። ቀጥሎ የምንመለከተው ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለውን መስኮት ነው፤ ዊንዶውስ ላይ የስታርት ምልክቱን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ስትጫኑ ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ታገኙታላችሁ። እዚህ መመልከት አይጎዳም፤ አደገኛው መጫን ነው። ዲስኩ በትክክለኛ መጠኑ ተቀምጦ፣ ክፍሉም «ኤንቲኤፍኤስ» ወይም «ኤክስፋት» እየተባለ፣ ፊደል ብቻ ከጎደለው ደስ ይበላችሁ። ፊደሉ በሌላ ዕቃ ተይዞ ይሆናል፤ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር» በሚለው በኩል ሌላ ስጡት፣ በደቂቃ ያልቃል። «ኦፍላይን» የሚል ከሆነም ወደ ኦንላይን መመለስ ነው። ከማክ የመጣ ዲስክ ከሆነ ዊንዶውስ ቋንቋውን ስለማያውቀው ባዶ ወይም የተበላሸ መስሎ ሊታየው ይችላል። ወደዚያው ማክ መልሱት እንጂ ፎርማት አታድርጉት። ማክ በበኩሉ የዊንዶውሱን ኤንቲኤፍኤስ ያነባል፤ ተጨማሪ ሶፍትዌር ካልተጫነበት ግን አይጽፍበትም።

«ዲስኩን ኢኒሻላይዝ አድርግ» የሚል መስኮት ራሱ ዘልሎ ሲመጣ ዝጉት። እሺ ካላችሁት አዲስ የክፍፍል ሰንጠረዥ ከአሮጌው ላይ ይጽፋል።

የእማማ ዲስክ 1 ቴራባይት ነው፤ መጠኑ በትክክል ታይቷል፣ ክፍሉም አለ፤ የፋይል ሲስተሙ ቦታ ላይ ግን «ሮው» ይላል። ዊንዶውስ ክፍሉን አይቶ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አቅቶታል ማለት ነው። ልጁን ብጠይቀው ከሳምንት በፊት ፊልም እየገለበጠበት መብራት ሄዷል። ፋይል ሲስተም የመዝገብ ቤት ማውጫ ነው፤ የትኛው ሰነድ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ይጽፋል። ማውጫው እየተጻፈ ብዕሩ ከእጅ ሲነጠቅ ገጹ ይበላሻል፤ መደርደሪያዎቹ ግን አሁንም እንደሞሉ ናቸው። «ፎርማት ይደረግ?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ምክንያት ነው የሚያስቆጣኝ። ማውጫውን ላነበው አልቻልኩም ይልና ሌላ ባዶ ማውጫ ልጻፍ ብሎ ይጠይቃል፤ መደርደሪያው ላይ ስላለው አንድም ቃል አይናገርም። ፈጣኑ ፎርማት ባዶውን ማውጫ ብቻ ስለሚጽፍ ከእሱ በኋላ እንኳ ብዙ ነገር ሊተርፍ ይችላል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያለው ሙሉው ፎርማት ግን መላውን ክፍል በዜሮ ይሞላዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመለስ ነገር የለም።

«ቼክ ዲስክ አስነሳበት» የሚሉም አሉ። ቼክ ዲስክ የሚጨነቀው ማውጫው እርስ በርሱ እንዲስማማ ነው፤ የማይስማማለትን ፋይል ቆራርጦ ስም በሌላቸው ቁርጥራጮች ሊያስቀምጠው ይችላል። ቅጂ ከተያዘ በኋላ ይሞከር፤ በዋናው ዲስክ ላይ ግን እኔ አላደርገውም።

ቅጂ ስል ፋይል በፋይል መገልበጥ ማለቴ አይደለም፤ የዲስኩን ሴክተሮች በሙሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ማዛወር ነው። ለዚህ የምጠቀመው ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ ላይ የሚሠራውን ዲዲ ሬስኪዩ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ብልሃቱ የሚያስደስት ነው። መጥፎ ቦታ ሲያጋጥመው ሙጭጭ አይልም፤ ዘሎት በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ አስቀድሞ ይሰበስባል፣ ከዚያ ነው ወደ ክፉዎቹ ቦታዎች ተመልሶ ቀስ እያለ የሚለቅማቸው። ዲስኩ መሀል ላይ ቢሞት እንኳ ብዙው በእጅ ገብቷል። ደግሞም የደረሰበትን በአንዲት ትንሽ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ያችን ፋይል መድረሻው ዲስክ ላይ አስቀምጧት፤ መብራት ቢሄድ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢነበብ 1 ቴራባይት ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የእማማ ዲስክ የተጎዱ ቦታዎች ስለነበሩት ሌሊቱን ፈጀ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መብራት ሄደ፤ ሲመለስ ከደረሰበት አስቀጠልኩት። ጠዋት ዋናውን ዲስክ ነቅዬ በነጠላው ቦታ በፎጣ ጠቀለልኩት፤ ከዚያ ወዲያ የተነካው ቅጂው ብቻ ነው። ቴስት ዲስክ በሚባለው ሌላ ነፃ ሶፍትዌር ቅጂውን ስመረምረው ፎልደሮቹ ከነስማቸው ተገኙ።

ፋይል ጠፋ ተብሎ ከሚመጣው ሁሉ ቀላሉን ሳልነግራችሁ ላልፍ ነበር። ዲስኩ ወይም ፍላሹ በደንብ ይከፈታል፤ በፎልደሮቹ ቦታ ግን ሾርትከት ብቻ ተደርድሯል። በእኛ አገር ፎቶ ኮፒ ቤቶችና የተማሪ ላፕቶፖች መካከል ለዓመታት ሲዞር የኖረው የሾርትከት ቫይረስ ነው። ፋይሎቹን አያጠፋም፤ የተደበቁ የሲስተም ፋይሎች አስመስሎ ይሰውራቸዋል፤ ሾርትከቱን የከፈተ ሰው ቫይረሱን ያስነሳዋል። ኮምፒውተሩን በአንቲቫይረስ አጽድቶ የተደበቁትን እንዲያሳይ ማዘዝ በቂ ሆኖ ሳለ ስንቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ፎርማት ተደረገ!

ወደ እማማ ዲስክ ቅጂ ልመለስ። የሰርጉ ካሜራ ቀረጻውን በየ4 ጊጋባይቱ እየቆረጠ ነበር ያስቀመጠው፤ የካርዱ ፋት32 ፋይል ሲስተም ከዚያ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ይህ ቁርጥራጭነት ጠቀመን። ያልተነበቡት ሴክተሮች የወደቁት ከጭፈራው ቁራጮች በአንዱ ላይ ብቻ ነው፤ እሱ መሀል ላይ ቆሞ ይቀራል። ሌሎቹ ሁሉ ተከፈቱ። ሁለት አዳዲስ ዲስኮች ላይ ገለበጥኳቸው፤ አንዱ እማማ ቤት እንዲቀመጥ፣ ሌላው ሜሪላንድ ላለችው ልጃቸው በሰው እንዲላክ።

እማማን ጠርቼ የምርቃቱን ቦታ ከፈትኩላቸው። ባለቤታቸው በነጭ ጋቢ ቆመዋል፤ ሙሽሮቹ ጉልበታቸው ላይ ጎንበስ ብለዋል። «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲሉ የሰርጉ ሰው በአንድ ድምፅ አሜን ይላል። እማማም ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ እጃቸውን ዘርግተው፣ ከሰዎቹ ጋር እኩል፣ «አሜን» አሉ። እስኪያልቅ አንዱንም አላለፉም።